በሐረጎ ዳገት የመጣ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት ስለሆነብኝ ነው የምጽፈው። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ «መድኃኔዓለም ሆይ፣ ልጄን ካቆየህልኝ ያደረግህልኝን ሳልደብቅ እናገራለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ጥላውን አስገብቻለሁ፤ ለመስከረም 21ም ልጄን ይዤ ግሸን ማርያም ወጥቻለሁ። የቀረኝ መናገሩ ነው።

ልጄ የስኳር ሕመምተኛ ነው። በክኒን የሚያዘው ዓይነት ሳይሆን በልጅነት የሚጀምረው፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖርበት ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ስላቆመ ጠዋትና ማታ ይወጋል። መርፌው ከተቋረጠ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ እየሆነ ሰውን ይጥላል። «ጸበል ይበቃዋል» የሚሉኝ አሉ። ጸበሉንም አስጠምቄዋለሁ፣ መርፌውንም አላቋረጥኩም፤ ሁለቱን የሚያጣላቸው ሰው እንጂ እግዚአብሔር አይመስለኝም።

ጥቅምት 20 ከተማዋ ስትያዝ የቻለ ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። እናቴ ከአልጋ የማትነሳ ስለነበረች እኔ ቀረሁ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ወፍጮ ስለቆመ ገብሱን ቆልተን፣ ስንዴውን ቀቅለን በላን። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ከቀደመው ቀን ምን እንደተለየ እንጃ!

የወሩን መድኃኒት የምንወስድበት ቀን ሳይደርስ ነው ሁሉም የተዘጋው። እጄ ላይ የነበረው ቀስ ብሎ ከሚሠራው ከደፍራሳው ኢንሱሊን አንድ የተጋመሰ ብልቃጥ፣ ቶሎ ከሚሠራው ከጠራው ደግሞ ጥቂት ጠብታ ነው። ፍሪጅ ስለማይሠራ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ ውጭው በውሃ በራሰ ማሰሮ ውስጥ አኖርኩት። የደሴ ብርድም ረዳኝ። ሰፈራችን ያለች ነርስ መጠኑን እንዴት ቀነስ እንደማደርግ ነገረችኝ፤ ግን ቀንሶ መውጋትም ልክ አለው።

የሚከብደው ሌሊቱ ነበር። የደም መለኪያው ወረቀት ስላለቀ ስኳሩ ስንት እንደገባ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ጨለማ ውስጥ ተኝቼ የልጄን እርምጃ እሰማለሁ። ለሽንት አንድ ጊዜ ከተነሳ ደህና ነው። ሦስተኛ ከደገመ ስኳሩ ወጥቷል ማለት ነው። ውሃ ሲቀዳ የጣሳው ድምፅ ይሰማኛል፤ ስንት ጊዜ እንደጠጣ እቆጥራለሁ። አጠገቡ ሄጄ ትንፋሹን አሸታለሁ፤ የበሰበሰ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ከመጣ አደጋ ነው ብለው አስተምረውናልና። በመካከሉ «እግዚኦ» እላለሁ። አርባ አንድ ለማድረስ እጀምርና እሱ ሲነሳ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከዚያ የተሻለ ጸሎት አልነበረኝም።

ጎረቤት ሊያጽናናኝ ሲመጣ «እንደ ኢዮብ ታገሺ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ያናድደኝ ነበር። ኢዮብ እኮ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፣ ከአምላኩ ጋር ተከራክሯል። እኔም ተከራክሬአለሁ። ጥቅምት 27፣ በመድኃኔዓለም ክብረ በዓል፣ «ስምህ መድኃኒት ሆኖ ለልጄ መድኃኒት ማጣትህ ምንድን ነው?» ብዬዋለሁ። ካለቀስኩ በኋላ ግን ተነስቼ ንፍሮ ጣድኩ፤ ልጁ ከተወጋ መብላት አለበት። ትዕግሥት እኔ ቤት ያን ይመስል ነበር።

የሰራፕታዋ መበለት ዘይት አላለቀም፤ የእኔ ብልቃጥ ግን በየቀኑ እየጎደለ ሄደ። መርፌውን ወደ ታች ዘቅዝቄ ከጥግ መሳብ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ፣ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ሐጃ ተመለሱ። ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ሸሽተው ነበር፤ ጦርነቱ እዚያም ተከተላቸው። «ከሞትኩ በቤቴ» ብለው ከሌሎች ጋር የሐረጎን ዳገት በእግራቸው ወጡት። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው።

እግራቸውን በሙቅ ውሃ ላጥብላቸው ገባሁ። «ምነው ከሳሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አብሽሪ» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ «የሰውየው መድኃኒት አለ እኮ፤ መጣሉን እጄ እምቢ ብሎኝ ነው» አሉኝ።

ባለቤታቸው ስኳር ነበረባቸው፤ በክረምት ነው ያረፉት። ከማይሠራው ፍሪጅ ውስጥ ያልተከፈቱ ብልቃጦች አወጡልኝ። ነርሷ ቀኑን አየች፣ በእጇ አገላብጣ እንዳልረጋ አረጋገጠች። ደፍራሳው ብቻ ስለሆነ እንዴት ከፋፍዬ እንደምወጋው አሳየችኝ። ዋጋ ላነሳ ስል ሐጃ ተቆጡ። «ለእሱ ሰደቃ ይሁነው» አሉ።

ሰውየው ያረፉት በክረምት ነው፤ እኔ መለመን የጀመርኩት በጥቅምት። ይህን ሳስብ ፍርሃት ይወረኛል። ላብራራው አልሞክርም።

ከተማዋ ነፃ መውጣቷን የሰማነው ኅዳር 27 ነው። የመድኃኔዓለም ወርኃዊ በዓል መሆኑን የደሴ ክርስቲያን ሁሉ ልብ ብሎታል። መንገዱ ተከፈተ ማለት ግን መድኃኒት መጣ ማለት አልነበረም። ተቋማቱ ተዘርፈው ስለነበር እስኪደራጁ ድረስ ያቆየን የሐጃ ብልቃጥ ነው። ልጄ ዛሬም ጠዋትና ማታ ይወጋል፤ ቁመቱ ከእኔ በልጧል፣ ትምህርቱንም እየተማረ ነው። በሽታው አለቀቀውም። የለመንኩት እንዲቆይልኝ ነበር፤ ቆይቶልኛል።

ይህንኑ በአጥቢያችን ጉባኤ ስመሰክር እልልታው ደመቀ። ስወጣ ግን አንዲት እህት ወደ ጥግ ስባ «የሐጃን ነገር ባታነሺው ጥሩ ነበር» አለችኝ። ወሎ ተወልዳ እንዲህ ማለቷ ገርሞኝ ቤት ስመለስ ለሐጃ ነገርኳቸው። ሳቁና ቡናውን እየቀዱልኝ «ጌታ በሬን ያውቀዋል በያት» አሉኝ።