የባሩን እግር አትቁረጡ

አንድ ቀበሌ በሦስት ዓመት ውስጥ በሄክታር 38፣ 40 እና 41 ኩንታል ስንዴ አመረተ እንበል። ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ አስገብታችሁ ባር ግራፍ ስታወጡ፣ ቋሚው ዘንግ ከዜሮ ሳይሆን ከ36 አካባቢ ሊነሳ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ ቁጥር አንድ ስድስተኛ ገደማ ሲያንስ ዜሮን ይተወዋል።

እስቲ በማስመሪያ ለኩት። ከ36 በላይ የቀረው የባሮቹ ቁመት 2፣ 4 እና 5 ነው። የመጨረሻው ባር የመጀመሪያውን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህላል። ምርቱ ግን ያደገው ከ8 በመቶ ባነሰ ነው። ስብሰባ ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የዘንጉ ቁጥር አይነበብለትም፣ የሚያየው ቁመቱን ነው። ባር መጠንን የሚናገረው በርዝመቱ ብቻ ስለሆነ፣ እግሩ ሲቆረጥ የቀረው ርዝመት የሚለካው ነገር የለም።

ከፍታ ላይም ያው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ነው፤ ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ዘንጉን ከ1,000 ብታስጀምሩት ደብረ ብርሃን ከስድስት እጥፍ በላይ ሆና ትታያለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የጣርማበርን ቁልቁለት ለማሳየት እውነተኛው እጥፍ ይበቃል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። የቋሚውን ዘንግ ቁጥሮች ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ፎርማት አክሲስ ግቡ፣ ሚኒመም የሚለው ላይ 0 ጻፉ። ማክሲመሙን ግን አትንኩት። 45 ላይ ከወሰናችሁት፣ ከርሞ 50 ኩንታል ሲገባ ባሩ ጣሪያው ላይ ይቆረጣል።

«ከዜሮ ከጀመረማ ልዩነቱ አይታይም» የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ ይነሳል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ሆኖ መታየት አለበት። ቁጥሩን ከየባሩ አናት ላይ ጻፉት። መናገር የፈለጋችሁት ለውጡን ከሆነ ደግሞ ለውጡን ራሱን ሣሉት፦ +2፣ +1። ርዕሱም «ከዓምናው የጨመረ» ይበል። ዘንጉ ላይ የመቆረጥ ምልክት ማድረግ አያድንም፣ ምልክቱ ቢኖርም ዓይን ርዝመቱን ያወዳድራል።

የመስመር ግራፍ ሕጉ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚነበበው የመስመሩ መውጣትና መውረድ ነው። የታማሚን ትኩሳት ከዜሮ አስጀምራችሁ ብትሥሉ፣ 37 እና 39.5 ዲግሪ አንድ ላይ ይተኛሉ፤ የሚያስፈራው ትኩሳት ይደበቃል። ከ35 እስከ 42 ይበቃል። ሙቀት በባር ባይሣል ይሻላል፤ የሴልሺየስ ዜሮ ውኃ የሚረጋበት ነጥብ እንጂ የሙቀት አለመኖር ስላልሆነ፣ 20 ዲግሪ የ10 እጥፍ አይደለም።

ለባቄላና ለገብስ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ስትሥሉ ግን ዜሮ መሐል ላይ ይግባ፦ ከ-4 እስከ 12 አድርጉና ዜሮ ላይ ደማቅ መስመር ጣሉ። የአየሩ ሙቀት 2 ወይም 3 ዲግሪ ሆኖም መሬቱ ላይ ውርጭ ሊጥል ስለሚችል፣ 3 ላይም ቀጭን መስመር ጨምሩ።

ከመስመሩ ሥር ቀለም ከሞላችሁ ግን ዓይን ስፋቱን ማወዳደር ይጀምራል፣ ስለዚህ ወደ ዜሮ ተመለሱ። የመንዝንና የባሶና ወራናን ግራፍ ጎን ለጎን ስታስቀምጡም የሁለቱ ዘንግ መነሻና መድረሻ አንድ ይሁን፤ ኤክሴል ለየብቻ ስለሚያሰላቸው በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል።