የሜሲን ኮረብታ ከሥሩ ሲታይ፦ የወታደራዊ ጂኦሎጂ ጥናቴ የደረሰበት

ጂኦሎጂስቶች በጦርነት ጊዜ ለወታደራዊ ዕቅድ ስለሚሰጡት ድጋፍ የጀመርኩት ንባብ ብዙ አቅጣጫ ስለያዘብኝ ሰሞኑን በአንድ ቦታ ላይ ብቻ አተኩሬያለሁ። ቦታው በቤልጅየም፣ ከኢፕር ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው የሜሲን ኮረብታ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር መሿለኪያ ቆፍሮ ከጀርመኖች ምሽግ ሥር የቀበራቸውን 19 ታላላቅ ፈንጂዎች ጁን 7 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. ሊነጋጋ ሲል ያፈነዳበት ነው።

ያነበብኩትን ለማጥራት የኮረብታውን የውስጥ ገጽታ ከጎን እንደተቆረጠ አድርጌ በእርሳስ ሣልኩት። ከላይኛው አፈር በታች ውሃ ያዘለ አሸዋ፣ ከአሸዋው በታች ደግሞ ወፍራም ሰማያዊ ሸክላ አለ። ሸክላው ውሃ ስለማያሳልፍ ወደ ታች የሚሰርገው ዝናብ አሸዋው ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንዲህ ያለውን አሸዋ የቆፈረ ሰው ግድግዳው እንደ አጥሚት እየፈሰሰ ይደረመስበታል። ሸክላው ዘንድ ከተደረሰ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ቆፋሪው ጀርባውን በእንጨት መደገፊያ ላይ አስደግፎ አካፋውን በሁለት እግሩ እየገፋ፣ የዶማ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ፊት ይሄዳል።

ስለዚህ ለዕቅድ አውጪዎቹ ወሳኙ ጥያቄ ሸክላው በየትኛው ጥልቀት እንደሚጀምርና የከርሰ ምድር ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ማወቅ ነበር። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር የነበረውና ከአውስትራሊያ ማዕድን ቆፋሪዎች ጋር በ1916 ወደ ግንባሩ የመጣው ኤጅዎርዝ ዴቪድ የሠራው ይህንኑ ነው፤ የመሬቱን ንብብር በመሰርሰሪያ ጉድጓዶች እያስመረመረ መሿለኪያና መጠለያ የት ቢቆፈር እንደሚያዋጣ ያማክር ነበር። እንግሊዞች እርጥቡን አሸዋ በብረት ቀለበት በተደገፉ ጉድጓዶች አልፈው ሸክላው ውስጥ ገቡ። የወጣው ሰማያዊ አፈር ከአውሮፕላን ቢታይ የቁፋሮውን ጥልቀት ለጠላት ስለሚናገር መደበቅ ነበረበት፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ጂኦሎጂና ስለላ የተገናኙበት ነጥብ ይህ ነው።

በሥዕሉ ላይ ብዙ ያቆየኝ ሌላም ነገር አለ። ከፍታውን የያዙት ጀርመኖች ነበሩ፤ ከላይ ሆኖ ለማየትና ለመተኮስ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ይሁንና ኮረብታው ላይ ያለ ሰው ወደ ሸክላው ለመውረድ ይበልጥ ወፍራም የሆነውን ውሃማ አሸዋ ማለፍ ስለሚኖርበት፣ ያው ከፍታ ከምድር በታች ጉዳት ሆነባቸው። የወታደር ካርታ ብቻ ይዞ ይህንን ማየት አይቻልም።

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ገና በጨረፍታ ነው ያየሁት። የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአጋሮቻቸው ጦር ከባሕር ተነሥቶ በፈረንሳይ የኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ለመውረድ ባደረገው ዝግጅት፣ አሸዋው ሥር የተደበቀ ሸክላና የበሰበሰ እፅዋት ክምችት ታንኮችን እንዳይውጥ ስለተሰጋ፣ ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮች በ1943 መጨረሻ በሌሊት ዋኝተው ከባሕሩ ዳርቻ ናሙና አምጥተዋል። ቀጥዬ የዚያን የባሕር ዳርቻ የጎን ገጽታ እሥላለሁ።