በአውስትራሊያ ማን ያውቅሃል? ዜግነት ስጠይቅ ያሰናከለችኝ አንዲት ቅጽ

የአውስትራሊያን ዜግነት ለመጠየቅ ስነሣ ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ በፈተናው ነበር። እኔም ፈርቼ ተዘጋጀሁና አለፍኩት። ማንም ያላነሣልኝ አንዲት ቅጽ ግን ሰባት ወር አጉላላችኝ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሚያመለክት ሰው በእርሷ እንዳይያዝ ነው፤ ንዴቴ ገና አለመብረዱንም አልደብቅም።

ቀላሉን በአጭሩ ልጨርስ። በጋብቻ ቪዛ መጥቼ የምኖረው በሜልበርን ምዕራብ፣ ፉትስክሬይ ነው። ሕጉ ከማመልከቻው በፊት አራት ዓመት በሕጋዊ ቪዛ መኖርን፣ ከዚያም ውስጥ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት በቋሚ ነዋሪነት ማሳለፍን ይጠይቃል፤ ከአገር ውጭ የቆዩበት ጊዜ በአራቱ ዓመታት ተደምሮ ከ12 ወር፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም። ፓስፖርቴን ዘርግቼ በአንድ ምሽት ቆጠርኩት። ፈተናው 20 ጥያቄ ነው፤ 75 በመቶ ማግኘት ያሳልፋል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ወዲህ ከሃያው አምስቱ ስለ አገሪቱ እሴቶች የሚጠይቁ ስለሆኑ ከእነዚህ አንዱን እንኳ የሳተ ሌላውን ሁሉ ቢመልስ ወድቋል። ማጥኛው መጽሐፍ በነጻ ይገኛል። ለፈተና የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ብቻ እንደሆኑ ይነገራል፤ እኔ ግን የቀረውንም አንብቡ እላለሁ፤ ለፈተናው ሳይሆን ለኑሮው ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቅጿ። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዝ የማንነት ማረጋገጫ ናት፤ የምትፈልገውም የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ምስክሩ የአውስትራሊያ ዜጋ መሆን አለበት። ሥራው በተዘረዘሩት ሙያዎች ውስጥ የሚገኝ፣ ማለትም ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ፖሊስ ወይም የመሳሰለው መሆን አለበት። ቢያንስ አንድ ዓመት የሚያውቅህ፣ በሥጋም በጋብቻም የማይዛመድህ፣ በሥራ ሰዓትም በስልክ የሚገኝ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ሰው ቅጹን ከሞላ በኋላ ከፎቶግራፍህ ጀርባ ፎቶው በእርግጥ የአንተ መሆኑን ጽፎ ይፈርማል።

ሳነበው ሳቅሁ። እኔ ያደግሁት መታወቂያ ለማውጣት ሦስት ምስክር ይዞ ቀበሌ በሚኬድበት አገር ነው። ለዚያ ምስክር ፍለጋ የወጣሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ በበሩ የሚያልፍ ሁሉ አባቴን ያውቅ ስለነበር ሦስት ቢባል ሠላሳ ይገኝ ነበር። እዚህ የተጠየቅሁት አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ይጠፋል ብዬ አላሰብኩምና ቅጿን ለመጨረሻ ተውኳት፤ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነበር።

ቀድሞ ትዝ ያለኝ አራት ዓመት ያከመኝ ሐኪም ነው። ቅጹን ገና ሳላወጣው፣ በክሊኒኩ ደንብ መሠረት ለታካሚ እንዲህ ያለ ወረቀት እንደማይፈርም በትሕትና ነገረኝ። ደረቴን አዳምጧል፣ ደሜን አስመርምሯል፣ የልጆቼን ስም ጠይቆኛል፤ እኔ እኔ መሆኔን ግን ሊመሰክር አልቻለም። ወደ ሥራ ቦታዬ ዞርኩ። ያን ጊዜ የምሠራው በኤጀንሲ በኩል በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ሲሆን፣ ዛሬ ሰንሻይን፣ ነገ ወሪቢ እየተላክሁ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት እገባ ነበር። አብረውኝ ያደሩት ነርሶች ብዙ ናቸው፤ በስሜ የሚጠሩኝም ነበሩ። አንድ ዓመት ሙሉ የሚያውቀኝን ስፈልግ ግን ረጅሙ ትውውቄ አምስት ወር ሆኖ ተገኘ። በዚህች አገር ስንት አዛውንት አጥቤ፣ አጉርሼ፣ አንዳንዶቹንም ዐይናቸውን ከድኜ ሸኝቻለሁ፤ የእኔን ስም የያዘው ግን የኤጀንሲው የሰዓት መመዝገቢያ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የሄድሁት ወደ ጎረቤቴ ነው፤ በጣም የሚያናድደኝም የእርሱ ነገር ነው። አጥር ለአጥር ስምንት ዓመት ኖረናል። መሰላሉን ሳልጠይቀው ያቀብለኛል፣ አገር ቤት ስሄድ አትክልቴን ያጠጣልኛል፣ ትልቋን ልጄን ብስክሌት ያስተማራት እርሱ ነው። የተወለደው እዚሁ ምዕራብ ሜልበርን ሲሆን ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል። ቅጹን መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና፣ የእርሱ ሙያ እንደሌለበት ሲያይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔን ከሁሉም የበለጠ የሚያውቅ፣ ተወልዶ ያደገ አውስትራሊያዊ ስለ እኔ ቢናገር አይሰማም፤ ለምን ቢባል መኪና ነጂ ነው። ያን ቀን ያፈርሁት ለራሴ ሳይሆን ለእርሱ ነበር። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች በስልክ ተፈልጎ የሚገኝና በሙያው የሚጠየቅ ሰው እንደፈለጉ ይገባኛል። ቢሆንም ሰው የሚታወቀው በአጥር በኩል እንጂ በሙያ ፈቃድ አይደለም፤ በዚህ ሐሳቤን አልለውጥም።

ሁለተኛው ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ብስጭት ነው። አንድ ወዳጄ፣ «ቄሱ ይፈርሙልሃል፤ የሃይማኖት አባት ይቻላል» አለኝ። ቀሲስን ከስድስት ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ልጄን ክርስትና ያነሡት እርሳቸው ናቸው። ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ዜጋ መሆናቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ እንዴት ብዬ አባቴን ወረቀትዎን ያሳዩኝ እላለሁ? ለካስ እርሳቸውም ገና ቋሚ ነዋሪ ነበሩ። ማመልከቻዬ ወራት ከቆየ በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ አጭር መልእክት ደረሰኝ፤ ምስክሩ መስፈርቱን ስለማያሟላ አዲስ ቅጽ በተወሰነ ቀን እንዳቀርብ ያዛል። መስፈርቱ የቱ እንደሆነ አይገልጽም። ስልክ ደውዬ ለረጅም ሰዓት ሙዚቃ ካዳመጥሁ በኋላ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ ቅጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል መልሳ አነበበችልኝ። ማንበብ እንደምችል ነገርኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ነገሩም አልጠቀመኝም።

በዚያ ሰሞን ባለቤቴ፣ «መድኃኒት ቤቷስ?» አለችኝ። ከኒኮልሰን መንገድ ፈንጠር ብላ የምትገኘውን ፋርማሲ የምትመራው ሴት የቬትናም ተወላጅ ናት፤ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር በስደት መጥታ ፉትስክሬይ ያደገች። የአማቴን የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የምወስደው ከእርሷ ነው። ልጠይቃት ስሄድ እንደ ተማሪ ልቤ ይመታ ነበር። ኮምፒዩተሯን ከፈተችና ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሁበትን ቀን ፈለገች፤ አምስት ዓመት ከሦስት ወር። ከዚያ ቅጹን አየች፣ ፓስፖርቴን አየች፣ እኔን አየችኝ። እርሷ ጋ የተመዘገብኩት በአባቴ ስም ነበር። ለአምስት ዓመት «እንደምን ዋልክ» ስትለኝ የነበረው አባቴን ነበር፤ እኔም አንድ ቀን አላረምኳትም።

ቆሜ ማስረዳት ያዝሁ፤ የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም እንደሌለው፣ ሁለተኛው የአባት፣ ሦስተኛው የአያት እንደሆነ፣ ባለቤቴም በእኔ ስም እንደማትጠራ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። እርሷ ግን አልቸኮለችም፤ እኔን የምትጠራኝ በየትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝና ደጋግማ ብላ ለመደችው። የራሷ ወላጆች ሲመጡም መዝጋቢው የቤተሰብ ስማቸውን ከመጨረሻ አድርጎ እንደገለበጠው እየሳቀች ነገረችኝ። ፈረመች። የፎቶው ጀርባ ትንሽ ስለሆነ ሦስቱን ስሞች አጣብባ ጻፈቻቸው። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ያለ እንቅፋት አለፈ።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። መመሪያው ቅጿን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር በአንድ ረድፍ ያስቀምጣታል፤ እናንተ ግን ከማመልከታችሁ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ጀምሯት። «ማንም ይፈርምልሃል» የሚላችሁን አትስሙ። የፈራሚውን ዜግነት ማፈር ሳያስፈልግ ጠይቁ። በኤጀንሲ የምትሠሩ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚያያችሁን ሰው ለዩ፤ ስማችሁንም በትክክል አስጠሩ፤ ሲሳሳቱባችሁ ዝም ማለት ትሕትና ይመስላል እንጂ አይደለም።

ሌላው ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ከወዲያኛው ወገን ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2002 ወዲህ ዜጋዋ የሌላ አገር ዜግነት ቢጨምር አትከለክልም፤ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘውን ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። የሚቀረው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተፈቀደው መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ፣ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ማወቅና ቀኑ ሲደርስ ግን ለየቅል ናቸው። አባቴ በስልክ፣ «ታዲያ አሁን የማን ነህ?» አሉኝ። የአውስትራሊያ ዜግነት የሚባለው ነገር በሕግ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1949 እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ሁሉም የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ ይባሉ እንደነበር ነገርኳቸው። «ከእኔ ያንሳል ማለት ነው» ብለው ሳቁ። የተወለዱት በ1933 ነው።

ቃለ መሐላውን የፈጸምሁት እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ በከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ነው። ቃሉ የፈጣሪን ስም የሚያነሣና የማያነሣ ሁለት ዓይነት አለው፤ እኔ የሚያነሣውን መረጥሁ። ይህ ሥነ ሥርዓት ለፎቶ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ማመልከቻው ቢፈቀድም መሐላው እስኪፈጸም ዜጋ አይኮንም። ከመሐላው በፊት አንዲት የምድሪቱ ነባር ሕዝብ አዛውንት በአያቶቻቸው ስም እንኳን ደህና መጣችሁ አሉን። ሌሎቹ ሁሉ መንግሥትን ወክለው ሲናገሩ እርሳቸው ብቻ ዘመዶቻቸውን ወክለው ተናገሩ።

የእርሳቸው ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. የካቲት 2020፣ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ የሆነ ሰው ዜግነት ባይኖረውም፣ በውጭ አገር ቢወለድም፣ በሕገ መንግሥቱ «ባዕድ» ሊባል እንደማይችል ወስኗል። አንድ ሰው የዚያ ሕዝብ መሆኑ የሚታየው በሦስት ነገር ነው፤ በትውልዱ፣ ራሱን በዚያ በመቁጠሩ፣ ወገኖቹም አዎ የእኛ ነው በማለታቸው። ሦስተኛውን ሳነብ ቅጿ ትዝ አለችኝ። ሙያቸው ምን ይሁን የሚል ግን የለበትም።

ዜጋ በሆንሁ በጥቂት ወራት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2023፣ በሕዝበ ውሳኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠሁ፤ እዚህ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው። ጥያቄው ነባሩ ሕዝብ ፓርላማውን የሚያማክር አካል በሕገ መንግሥቱ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚል ነበር። ለአንድ ሰው ምስክር ያጣሁ እኔ፣ ከስድሳ ሺህ ዓመት በላይ በምድሪቱ ለኖሩት እንድመሰክር ተጠየቅሁ። አዎ ብዬ ጻፍሁ፤ ከመራጩ 60 በመቶ ያህሉ አይሆንም አለ፤ በየትኛውም ክፍለ ግዛት አዎ አላሸነፈም። ማታ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ምን እንደመረጥሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ እርሱ ሌላውን እንደመረጠ ነገረኝና ስለ ቲማቲሙ ማውራት ቀጠልን።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቴን ጨርሼ የተመዘገብኩ ነርስ ሆኛለሁ፤ ስለዚህ አሁን እኔም ከዝርዝሩ ውስጥ አለሁ። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ቅጿን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ነው» አለኝ። ከተዋወቅን ስንት ጊዜ እንደሆነ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ስምንት ወር። ከአራት ወር በኋላ እንዲመጣ ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ ያ ሐኪም ያየው የእኔ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ገባኝ። ሊወጣ ሲነሣ ቡና እየተፈላ ስለነበር ተቀመጥ አልኩት፤ የአባቱንና የአያቱንም ስም ጠየቅሁት።