ቦቢናም ካርቡራቶርም ያልነበረው ብልሽት

ማንም አላስጠነቀቀኝም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዳሩ ግን አንድ ሰው ነግሮኝ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። መኪናዬ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡራቶር ያለው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ግን ነዳጅ ስሰጠው እየተንገጫገጨ ጉልበት ያጣና ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። እንዲህ እያደረገ ሦስት ወር አመላለሰኝ።

ባትሪው 12.6 ቮልት ያሳያል፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ በጉልበት ያዞራል፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎችም ሰማያዊ እሳት ይሰጣሉ። የመጀመሪያው መካኒክ «ቦቢናው ሲሞቅ ይደክማል» ብሎ ይህን ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ዕቃ አስለወጠኝ፤ ሁለተኛው ካርቡራቶሩን ፈትቶ አጠበ። ሦስተኛው ቤንዚኑ ከሙቀቱ የተነሣ በቱቦው ውስጥ እየተነነ ነው አለኝ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ ቤንዚን ከቆላው ባነሰ ሙቀት ስለሚተን አባባሉ አሳመነኝ። በምክሩ መሠረት የነዳጅ ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ጨርቁ ገና ውኃ እያንጠባጠበ ሞተሩ ጠፋ።

በንዴት ነዳጁ አልቆ እንደሆነ ለማየት የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ስከፍት ረጅም የፉጨት ድምፅ ወጣ፤ አየሩ ወደ ውስጥ ሲገባ የሰልባትዮው ቆርቆሮ «ዷ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ሩብ ሰዓት ሳያስጠብቀኝ ወዲያውኑ ተነሣ።

ነገሩ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። ችግሩ ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ሌሊት ቤንዚን ይቀዱብኛል ብዬ በመስጋት ከሶማሌ ተራ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዝቼ ነበር። የድሮው ክዳን ሞተሩ በሚጠጣው ቤንዚን ምትክ አየር ያስገባ ነበር፤ አዲሱ ግን እንደ ጠርሙስ ቡሽ የደፈነ ነው። አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ መኪናው ሲቆም አየር በቀጭኑ ሾልኮ ስለሚገባ መልሶ ይነሣል፤ እኛም «በረደ» እንላለን። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የነዳጅ ቀጂ ልጅ ክዳኑን እየከፈተ «ጋሼ፣ ሰልባትዮዎ አየር ይስባል እኮ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ሒሳቤን ከፍዬ ሄድኩ። ዛሬም የሚያናድደኝ ከመካኒኮቹ ይልቅ ይህ ነው።

ሁሉም ከካንዴላው እሳት ጀምር ይላል፤ እኔ ግን አንድም ብሎን ሳይፈታ አጠፋፉ ይታይ እላለሁ። ቁልፍ እንደተዘጋበት በአንዴ ቀጥ ካለ የኤሌክትሪክ ነገር ይጠርጠር፤ እየተንገጫገጨ ከሞተ ነዳጅ አጥሮታል ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ ማድመጥ ነው። መካኒኩም «ከዚህ በፊት ምን አስለወጥክ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ ከሦስቱ አንዱም አልጠየቀኝም። አዲሱን ክዳን ብሳው ያሉኝም ነበሩ፤ በክረምት ውኃ እንዲገባበት ካልተፈለገ በቀር አልመክርም፤ እኔ የድሮውን መለስኩ። በካርቡራቶር ፋንታ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪናዎች ግን አየር የሚያገኙት በሌላ መንገድ ስለሆነ ክዳናቸው ጥብቅ መሆኑ ጥፋት አይደለም።

የተጣለውን ቦቢና ባለፈው ወር መልሼ አስገጥሜ ደብረ ዘይት ደርሼበት ተመለስኩ፤ አንዴም አልጠፋም።