ከሰርቨር የወጣ ፓወር ሰፕላይ፦ ሦስት ጊዜ «ተበላሸ» ያልኩት ዕቃ

ለሞዴል አውሮፕላኖቼ ባትሪ ቻርጀር የሚሆን ጠንካራ የ12 ቮልት ምንጭ ስፈልግ ቆይቼ፣ ከአገልግሎት ከወጣ ሰርቨር የተነቀለ አንድ ፓወር ሰፕላይ (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚቀይር ዕቃ) ካገኘሁ አራት ወር ሆኖኛል። ዲፒኤስ-1200ኤፍቢ የሚባለው ይህ ዕቃ ከ200 እስከ 240 ቮልት ባለው መስመር ላይ 1200 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 100 አምፔር ያህል እንዲሰጥ የተሠራ በመሆኑ፣ የእኔ ትንሽ ቻርጀር ያንገዳግደዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሆኖም በአራቱ ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ «ተበላሸ» ብዬ ወደ ጎን ላስቀምጠው ደርሼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ሆኖ ጥፋቱ የተገኘው ከእሱ ውጭ ነው።

የመጀመሪያው ገና በመነሻው ነበር። ሶኬት ላይ ስሰካው መብራቱ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር በዋናዎቹ መውጫዎች ላይ ምንም ቮልቴጅ አልነበረም። እነዚህ ዕቃዎች ሰርቨሩ ሳይጠፋ እንዲነቀሉና እንዲሰኩ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ከሌሎቹ አጠር ብሎ የተሠራ አንድ ፒን አላቸው፤ ይህ ፒን ሲሰካ ከሁሉም በኋላ ስለሚገናኝ፣ ሲነቀል ደግሞ ከሁሉም በፊት ስለሚለይ፣ ኃይሉ የሚለቀቀው ወፍራሞቹ ማገናኛዎች በሚገባ ከተያያዙ በኋላ ብቻ ነው። በዚህ ሞዴል 33ኛውንና 36ኛውን ፒን በሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገድብ ትንሽ ቁራጭ) ማገናኘት ይበቃል። እኔም ይህንኑ አድርጌ ነበር፣ ነገር ግን ፒኖቹን የቆጠርኩት ከተሳሳተው ጫፍ ነው። ባዶ ሽቦ ሳይሆን 470 ኦም ሬዚስተር መጠቀሜ ጠቀመኝ፤ 12 ቮልት ያለበትን ፒን ቢነካ እንኳ የሚያልፈው ከ26 ሚሊ አምፔር አይበልጥም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሁለተኛው ነው። ባለ 6 ሴል፣ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ በ10 አምፔር ስሞላ፣ ሥራው በሰላም ይጀመርና ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ቻርጀሩ «የግቤት ቮልቴጅ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ያቆማል። ጥቂት ቆይቼ እንደገና ሳስጀምረው ለደቂቃዎች ይሠራና ተመልሶ ይቆማል። ዕቃው ሲሞቅ የሚደክም መስሎኝ በላዩ ላይ ሌላ ማራገቢያ ጭምር አቆምኩበት፤ ክፍሉን በጩኸት ከመሙላት በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም።

መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) በፓወር ሰፕላዩ መውጫ ላይ ሳደርግ 12.2 ቮልት ያነባል፣ ያውም ባትሪው በመሞላት ላይ እያለ። በዚያው ቅጽበት በቻርጀሩ መግቢያ ላይ ስለካ ግን 10.6 ቮልት ብቻ ነበር፤ ቻርጀሩ ደግሞ 10.5 ሲደርስ እንዲያቆም የተስተካከለ ነው። 1.6 ቮልት በመንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሒሳቡን ስሠራ ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ባትሪው ወደ 25 ቮልት ሲጠጋ በ10 አምፔር 250 ዋት ይወስዳል፣ የቻርጀሩ ብክነት ሲታከልበት 280 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ይህም ለ10.6 ቮልት ሲካፈል 26 አምፔር ነው። የተጠቀምኩበት ገመድ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር፣ ደርሶ መልስ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ስለነበር፣ 46 ሚሊ ኦም ያህል ተቃውሞ ነበረው፤ በእሱ ብቻ 1.2 ቮልት ይጠፋል፣ ገመዱም 30 ዋት የሚያህል ሙቀት ይተፋል። በእጄ ስነካው ለምን አስቀድሜ እንዳልነካሁት ገረመኝ።

የቀረውን 0.4 ቮልት ለማግኘት መልቲሜትሩን በሚሊ ቮልት አድርጌ፣ ሁለቱን መንኪያዎች በአንዱ ሽቦ ሁለት ጫፎች፣ ቀጥሎም በእያንዳንዱ ማገናኛ ግራና ቀኝ እያሳረፍኩ ተከታተልኩት። አብዛኛው የተገኘው እኔው ራሴ በበየድኩት አንድ መጋጠሚያ ላይ ነው። ሊዱ (ለብየዳ የሚቀልጠው ማዕድን) በማንጸባረቅ ፈንታ ግራጫና ሻካራ ሆኖ ነበር፤ በጥፍሬ ገፋ ሳደርገው ሽቦው ውስጡ ተነቃነቀ። የፓወር ሰፕላዩ መውጫ ሰፊ መዳብ ስለሆነ ሙቀቱን ይውጠዋል፣ ትንሽ የብየዳ ብረትም ሊዱን ከላይ ከማቅለጥ አልፎ ከመዳቡ ጋር ሊያዋሕደው አይችልም። ከፍ ባለ ብረት እንደገና በይጄ፣ ገመዱን ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትርና እያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሽቦ ስተካው፣ በቻርጀሩ መግቢያ 12.1 ቮልት አገኘሁ። ቻርጀሩ ቋሚ ኃይል የሚስብ መሆኑም ችግሩን እንደሚያባብሰው የገባኝ ያኔ ነው፦ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ ተጨማሪው አምፔር ደግሞ ቮልቴጁን መልሶ ያወርደዋል።

ሦስተኛው አጭር ነው። የማልበርባቸውን ባትሪዎች ለማስቀመጥ በሴል ወደ 3.8 ቮልት ሳወርድ፣ ቻርጀሩ የባትሪውን ኃይል ወደ መጣበት ምንጭ የመመለስ ምርጫ ነበረው። ምንጩ የመኪና ባትሪ ቢሆን ይቀበለዋል፤ ፓወር ሰፕላይ ግን መስጠት እንጂ መቀበል ስለማይችል፣ በመውጫው ላይ ቮልቴጁ ከፍ ይልና የራሱ መከላከያ ይዘጋዋል። ከመስመር ነቅዬ ጥቂት ካቆየሁት በኋላ ተነሣልኝ። ያን ምርጫ አጥፍቼዋለሁ።

ሁለት ተመሳሳይ ዕቃ በሲሪስ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር) አገናኝቶ 24 ቮልት ማግኘት ይቻላል ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። ከመስመሩ ነቅዬ በመልቲሜትር ስፈትሽ፣ የመውጫው ኔጋቲቭ ከብረት ቀፎውና ከመሬት መስመሩ ጋር የተገናኘ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በሲሪስ ሲያያዙ የአንደኛው መውጫ በመሬት ሽቦው በኩል ሾርት ይሆናል። አንዳንዶች የመሬት ሽቦውን ቆርጠው ይገላገሉታል፤ ይህን ፈጽሞ አልመክርም፣ በውስጡ አንድ ነገር ቢላቀቅ ቀፎው ራሱ ነፍስ ያጠፋል። ትክክለኛው መንገድ የሁለተኛውን ዕቃ ከፍቶ መውጫውን ከቀፎው በማይመራ ነገር መለየትና የመሬቱን ሽቦ በቀፎው ላይ እንዳለ መተው ነው። ይሁንና በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ከመስመር ከተነቀሉም በኋላ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ እኔ እስካሁን ብሎን መፍቻ አላነሳሁም። ለእኔ ቻርጀር 12 ቮልት ስለሚበቃ፣ ኋላ ያገኘሁትን ሁለተኛ ዕቃ ለብቻው በሌላ ቻርጀር ላይ አውዬዋለሁ።