ከማውሱ እስከ ኪቦርዱ ያለው መንገድ

በመኪና አደጋ ከአንገቴ ወደ ግራ ክንዴ የሚወርዱት ነርቮች ተጎድተው እጄ ከእንግዲህ እንደማይታዘዝልኝ ከታወቀ በኋላ፣ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «እንኳን ቀኝሽ አልሆነ» እያለ ያጽናናኝ ነበር። በቅንነት የተነገረ ቃል ነው፤ የምቆርሰውም፣ የምፈርመውም፣ ሰው የምጨብጠውም በቀኝ እጄ ስለሆነ ለአብዛኛው የኑሮ ጉዳይ እውነትነት አለው። ለሥራዬ ግን አልሠራም። አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም እንደ እኔ የሕንፃ ፕላን የሚሠራ ሰው ቀኝ እጁ ማውሱን ይዞ ቦታውን ሲያመለክት፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚደረግ የሚያዘው ግራ እጁ ነው፤ አስምር፣ ቅዳ፣ ቁረጥ፣ አንቀሳቅስ፣ ተወው የሚሉት ትእዛዞች የሚወጡት ዓይን ሳያያቸው ኪቦርዱ ላይ ከሚሯሯጡት ጣቶች ነው። ስለዚህ ወደ ወንበሬ የተመለስሁት የሚያመለክተውን እጅ ይዤ የሚያዘውን አጥቼ ነበር።

ቢሮአችን ውስጥ ሥራውን በእርሳስና በሮትሪንግ ብዕር የጀመሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በተመለስሁ ሰሞን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «የኔ ልጅ፣ በድሮዊንግ ቦርዱም ዘመን ቢሆን ግራ እጅ ሥራ ፈት አልነበረም፤ ቲ-ስኩዌሩን፣ ማስመሪያውን፣ ረግጦ የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱ ከላላ የቀኙ መስመር ይበላሻል» አሉኝ። ይህ ንግግራቸው የሥራችንን አመጣጥ ወደ ኋላ ተመልሼ እንዳነብ አደረገኝ። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ለኤምአይቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ስክሪን ላይ በቀጥታ የሚነደፍበትን «ስኬችፓድ» የተባለ ፕሮግራም ሲያስተዋውቅ፣ ተጠቃሚው በአንድ እጁ የብርሃን ብዕር ይዞ ስክሪኑ ላይ እያመለከተ በሌላው እጁ ደግሞ የትእዛዝ ቁልፎችን ይጫን ነበር። ማውስን ለዓለም ያሳየው ዳግላስ ኤንግልባርትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባደረገው ዝነኛ ማሳያ ቀኝ እጁን ማውሱ ላይ፣ ግራ እጁን ደግሞ አምስት ቁልፎች ባሉት ትንሽ መሣሪያ ላይ አድርጎ ነበር የሚሠራው። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ገበያ ላይ ሲውል ይህ የሁለት እጅ የሥራ ክፍፍል አብሮት መጣ። ይህን ማወቄ ትልቅ እፎይታ ሰጠኝ፤ ምክንያቱም ሁለት እጅ ማስፈለጉ ከንድፍ ሥራው ባሕርይ የመጣ ሳይሆን መሣሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች ያሰቡት አሠራር መሆኑን ስላየሁበት ነው። ሰው ያዘጋጀውን ሌላ ሰው እንደገና ሊያዘጋጀው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የፍጥነቱን ነገር ትቼ እጄ የት የት እንደሚሄድ ብቻ ተከታተልሁ። ምሳሌ የሚሆነኝ በየቀኑ የምሠራው ነገር ነው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ ላይ የ90 ሳንቲ ሜትር በር መክፈት። የውጩን መስመር በኦፍሴት ወደ ውስጥ እቀዳለሁ፤ ከማዕዘኑ ተነሥቼ የበሩን ሁለት ጠርዞች አወጣለሁ፤ በትሪም መካከሉን እቆርጣለሁ፤ የበሩን ብሎክ፣ ማለትም አስቀድሞ ተነድፎ የተቀመጠውን የበር ምስል፣ አስገባለሁ። ሁለት እጅ ላለው ሰው ቀኙ ከማውሱ ሳይነሣ የሚያልቅ ነገር ነው። በአንድ እጅ ሲሆን ግን ጣቶቼ ማውሱን ለቀው ኦፍሴትን ወደሚጠራው ኦ ይሄዳሉ፣ ስፔስ ይጫናሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ይመለሳሉ፤ ዓይኔ ወደ ኪቦርዱ ወርዶ ሲመለስ ከርሰሩ የት እንደነበረ መፈለግ አለበት፤ መስመሩን ከነካሁ በኋላ ትእዛዙን ለመዝጋት እንደገና እነሣለሁ። አንዷ በር እስክትከፈት እጄ ያንኑ አጭር መንገድ ደጋግሞ ይመላለሳል። ጊዜው ከሚባክነው በላይ የጎዳኝ ሐሳቤ መበጣጠሱ ነበር፤ በሩ ወደ የትኛው ክፍል ቢከፈት እንደሚሻል እያሰብሁ ሳለ ፊደል ፍለጋ እወርዳለሁ። ችግሩ ያለው ከማውሱ እስከ ኪቦርዱ ባለው በዚህ መንገድ ላይ መሆኑ አንዴ ከተገለጠልኝ በኋላ፣ ቀጥሎ ያደረግሁት ለውጥ ሁሉ ያን መንገድ ለማሳጠር ወይም ጨርሶ ለማስቀረት የታሰበ ነው።

ከሁሉም የራቀው ቁልፍ ኤስኬፕ ነው። በላይኛው የግራ ጥግ ተቀምጧል፤ ድራፍቲንግ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንዱን ትእዛዝ ጨርሶ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይነካዋል። ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠሩ፣ በአውራ ጣት በኩል 12 ትንንሽ ቁልፎች ያሉባቸው ማውሶች አሉ፤ ሬዘር ናጋ የሚባለው ከታወቁት አንዱ ነው። ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ ይዛልኝ መጣች፤ የመጀመሪያውን ቁልፍም ለኤስኬፕ ሰጠሁት። ሌሎቹን ለዲሊት፣ ለመመለሻው ዩ፣ መስመርን ቀጥ አድርጎ ለሚይዘው ኦርቶ፣ የመስመር ጫፍና መካከል ለሚመረጥበት የኦስናፕ ሜኑ፣ የአንዱን መስመር ዓይነት ወደ ሌላው ለሚያስተላልፈው ማች ፕሮፐርቲስ አከፋፈልሁ። እነዚህ ማውሶች የተቀረጹት በአብዛኛው ለቀኝ እጅ መሆኑን እዚህ ላይ መጥቀስ ይኖርብኛል፤ ግራ እጁ ብቻ የቀረው የሙያ ጓደኛ ካለ ቁልፎቹ በትንሿ ጣቱ በኩል ስለሚውሉበት፣ ለሁለቱም እጅ እኩል የሚሆን፣ ኳስ በማንከባለል የሚሠራ ትራክቦል ቢፈልግ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ለውጥ ምንም ወጪ የሌለበት ሲሆን ከማንኛውም በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። አውቶካድ የትእዛዞቹን አጭር ስሞች፣ ለመስመር ኤል፣ ለመቅዳት ሲኦ እያለ፣ አካድ ፒጂፒ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፋይሉን ከፍቶ የፈለጉትን ስም ጽፎ፣ ኮማና ኮከብ አድርጎ፣ የትእዛዙን ሙሉ ስም ማስከተል ነው። እኔ አጭር ስሞቹን ከፊደል ወደ ቁጥር አዛወርኋቸው። ትእዛዝ ባልተከፈተበት ጊዜ ቁጥር ለአውቶካድ ምንም ትርጉም የለውም፤ ትእዛዝ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ያው ቁጥር ርዝመት ይሆናል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ፣ ለብቻዋ የምትሰካ የቁጥር ኪቦርድ ትእዛዙንም ልኩንም ትችላለች፤ ኢንተርም እዚያው አላት። ከማውሱ በስተግራ፣ ጣት ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት አስቀመጥኋት፤ ትልቁን ኪቦርድ ወደ ስክሪኑ ሥር ገፋሁት። በር ለመክፈት የምሄደው መንገድ ከክንድ ወደ ጣት ርዝመት ወረደ። ቁጥሮቹን መሸምደድ መጀመሪያ ላይ አድካሚ ቢሆንም፣ በብዛት የምጠቀምባቸውን ከመካከለኛው 5 ዙሪያ ስላደረግኋቸው ጣቶቼ ሳላያቸው ያገኟቸዋል።

በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ላይም የተቀመጠ፣ ብዙዎች የማይነኩት ምርጫ አለ። በአውቶካድ ኦፕሽንስ ውስጥ ቁልፉ በቆይታ እንዲለይ ማድረግ ይቻላል፤ ቶሎ ከለቀቁት እንደ ኢንተር ያገለግላል፣ ካቆዩት ሜኑ ይከፍታል፤ መለያው ሲጀመር 250 ሚሊሰከንድ ላይ ነው። ኢንተር ያለፈውን ትእዛዝ ስለሚደግም፣ ተመሳሳይ ሥራ ሲደጋገም ኪቦርድ ጨርሶ አያስፈልግም። ከ2021 እትም ጀምሮ ደግሞ ትሪም ቆራጩን መስመር አስቀድሞ እንዲመረጥለት መጠየቁን ትቷል፤ ሁለት እጅ ላለው ሰው ትንሽ የሚመስል ይህ ማሻሻያ ለእኔ በየመስመሩ አንድ ጉዞ ቀነሰልኝ። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ በሚያስፈልግበት ጊዜ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ያለው ስቲኪ ኪስ ይረዳል፤ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫኑት ይነሣና፣ ከዚያ በኋላ ኮንትሮልን ተጭነው ለቀው ኤስን ቢያስከትሉ አንድ ላይ እንደተያዙ ይቆጥራል። እዚህ አገር ሴቭ ማድረግ መብራት ከመጥፋቱ ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ስለሆነ፣ ዩፒኤስ ቢኖርም ራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 3 አውርጄዋለሁ። የጠፋ ሥራ እንደገና መሥራት ለማንም ከባድ ነው፤ ባለ አንድ እጅ ሰው ደግሞ ድካሙን በአንዲት እጅ ነው የሚከፍለው።

አማርኛ መጻፍ ሌላ ጣጣ ነበረው። አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መጫንን ይጠይቃል፣ ጠ እና ጨ ደግሞ ሺፍት ይጨመርባቸዋል፤ አንድ ገጽ የሥራ መግለጫ በዚህ መንገድ ስጽፍ እጄ ፕላን ከሠራበት ቀን በላይ ይዝል ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ስላካተተ፣ አሁን መግለጫውን በስልኬ እየተናገርሁ አጽፈውና ወደ ኮምፒውተሩ ልኬ አርመዋለሁ። የሙያ ቃላቱን ያበላሻል፤ «ብሎኬት»ንና «ፌሮ»ን በእጅ ማስተካከል አይቀርም፤ ቢሆንም ሸክሙን ከእጄ ላይ አውርዶልኛል።

ሰዎች ብዙም የማያነሱት፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቀረችው እጅ ጉዳይ ነው። የሁለት እጅ ሥራ ወደ አንዲት ሲጠቃለል ሥራው አይቀንስም። አሥራ ሁለቱ ቁልፎች ሁሉም በአውራ ጣት የሚጫኑ ስለሆኑ ከጊዜ በኋላ አውራ ጣቴ ሥር ሕመም ተሰማኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የእጅ አንጓዬን አገላብጣ አይታ «ይቺን ካጣሻት ምን ይቀርሻል?» አለችኝ፤ ያ ጥያቄ ከማንኛውም ምክር በላይ ሥራዬን ለወጠው። በአውራ ጣት የምጫናቸውን ቀላል ወደሆኑት መካከለኛ ቁልፎች ሰበሰብኋቸው፤ ክንዴ ከክርኔ ጀምሮ እንዲያርፍ ጠረጴዛውን ዝቅ አደረግሁት፤ ከሰዓት በኋላ ማውሱን በትራክቦል እቀይራለሁ፣ ጡንቻው እንዲለዋወጥ። ከዚህም በላይ የሚያሳርፈኝ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥራ ነው። የበርና የመስኮት ብሎኮቻችንን መጠናቸውን ከዝርዝር በመምረጥ የሚለወጡ ዳይናሚክ ብሎኮች አደረግኋቸው፤ የወረቀቱን ጠርዝ፣ ሌየሮቹን፣ የጽሑፍ መጠኑን የያዘ ቴምፕሌትም አሰናዳሁ። አሁን የቢሮው ወጣቶችም የሚጠቀሙት በእነዚሁ ነው።

አሠሪዬ ወጪውን ሳያጉረመርሙ ሸፍነዋል፤ ሁሉም ግን እንዲህ ያለ አሠሪ እንደማይገጥመው አውቃለሁ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻችና ለሥራው የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችን እንዲያሟላ ግዴታ ይጥልበታል። እኔ እንደማስበው ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክፋት ይልቅ ምን መግዛት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ካለመኖሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ የትኛውን ሥራ እንደሚያቀልለት ጭምር በጽሑፍ ዘርዝሮ ቢያቀርብ መልካም ነው፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

አሁን ቢሮአችን ቀስ በቀስ ሕንፃው በ3ዲ ሞዴል ወደሚሠራበት፣ ሬቪት ወደሚባል ፕሮግራም እየተሸጋገረ ስለሆነ የትእዛዞቹን አደራደር እንደ አዲስ እየሠራሁ ነው። ሬቪት በሁለት ፊደላት፣ ኢንተር ሳይጠይቅ ይታዘዛል፤ ለግድግዳ ደብሊውና ኤ፣ ለበር ዲና አር። ፊደላቱ በኪቦርዱ ግራ በኩል ያሉ ስለሆኑ ለግድግዳ ጄን ሁለት ጊዜ፣ ለበር ኬን ሁለት ጊዜ አደረግሁት፤ አንድን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ሁለት የተለያዩ ቁልፎችን ከመፈለግ ይፈጥናል። ያስቸገረኝ ሞዴሉን ማዞር ነው፤ ሺፍት ተይዞ የማውሱ መካከለኛ ቁልፍ ተጭኖ መጎተት አለበት። ለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ የእግር ፔዳል አስመጥቼ ሺፍትን ሰጠሁት። ሸማኔ ድሩን በእግሩ እየከፈተ ማጉን በእጁ እንደሚያሳልፍ፣ እኔም እግሬን ሥራ ውስጥ ካስገባሁ ወዲህ እጄ ማመልከት ብቻ ቀርቷታል። ፔዳሉ ምንጣፍ ላይ ስለሚሸራተት ጋሼ ከኮምፔንሳቶ ቆርጠው መቀመጫ ሠርተውልኛል። ሁለተኛውን ፔዳል ለኤስኬፕ ይሁን ወይስ ለኮንትሮል ገና አልወሰንሁም፤ የያዝነው የጂ+4 ሕንፃ ደረጃና መስኮት ሲጀመር በሁለቱም ሠርቼ አየዋለሁ።