ቀጋ ከአጥር ወደ ግቢ፦ ከቁራጭ እስከ አበባ

ቀጋን የሰሜን ሸዋ ደጋ ሁሉ በአጥርነቱና በፍሬው ያውቀዋል፤ ለሽታው ብሎ ግቢው የሚተክለው ግን ጥቂት ነው። ያሳዝናል፤ የገዛ አገራችን ጽጌረዳ እኮ ነው። አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች፣ መሃላቸው ላይ ጥቅጥቅ ያሉ ቢጫ ክሮች፤ ጠዋት ጤዛው ሲለቅ ጠጋ ብላችሁ አሽትቱት። ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚበቅል የደብረ ብርሃን ብርድ ለእሱ አገሩ ነው። ግቢ ውስጥ የሚገድለው የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ነው፤ መረሬ በሚባለው፣ ውሃ በሚቋጥር ጥቁር ጭቃ አፈር ውስጥ የተኛ ውሃ ሥሩን አየር ነስቶ ያበሰብሰዋል።

ቁራጭ የሚነሳው ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ዘንድሮ የወጣ ለጋ ቀንበጥ ይበሰብሳል፣ ያረጀ ግራጫ ግንድ ደግሞ ሥር ለማውጣት ሰነፍ ነው። አምና የወጣ፣ እርሳስ የሚያክል ቅርንጫፍ ምረጡ። ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንጓው አራት ወይም አምስት ይሁን። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ጠጋ አድርጋችሁ በስለታም ምላጭ ቁረጡ፤ ሥር የሚበዛው እዚያው አንጓ ላይ ነው። ከላይ ሁለት ቅጠል ትታችሁ ሌላውን አራግፉ። በችግኝ ፕላስቲክ ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ከዛፍ ሥር የተዛቀ አፈር ሞልታችሁ የቁራጩን ሁለት ሦስተኛ ቅበሩት። ፍግ አይግባበት። ታቹ የተቆረጠ የ2 ሊትር ሃይላንድ ድፉበትና ጥላ ሥር አስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ቅጠል ያቆጠቁጣል፤ ያ ግን ግንዱ ውስጥ ባለ ስንቅ የወጣ ነው፣ ሥር መኖሩን አያሳይም። ነቅሎ ማየት ገና እንደ ክር የቀጠነውን ነጭ ሥር ይበጥሰዋል። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ታገሡ። ከፕላስቲኩ ቀዳዳ ነጭ ሥር ብቅ ሲል የሃይላንዱን ክዳን ክፈቱ፤ ከሳምንት በኋላ ጠቅላላውን አንሱት።

ነባር ቀጋ አጠገባችሁ ካለ ግን ማጎንበሱ ይሻላል፣ የሚከሽፈውም ጥቂት ነው። ረጅም ቅርንጫፍ ወደ መሬት አጎንብሱ፣ ሆዱን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ልጣጩን ፋቁ፣ 10 ሳንቲ ሜትር አፈር አልብሳችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ጫፉ ከአፈር ውጭ ይቅር። እናቱ እየመገበችው ሥር ስለሚሰድ፣ ሥሩ መያዙን አይታችሁ ትቆርጡታላችሁ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ችግኙን ግድግዳ ጥግ አስጠጉት፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት በጆንያ ሸፍኑት። ውሃ ጠዋት ይጠጣ። ከመስከረም በኋላ ፍግ የሚጨምር ሰው ለውርጭ የሚሆን ለጋ ቀንበጥ ነው የሚያበቅለው። ጫፉ ከጠቆረም ቶሎ አትቁረጡት፤ መቁረጡ አዲስ ቀንበጥ ይጠራል፣ እሱም ይቃጠላል። ውርጩ እስኪያልፍ ይቆይ።

በሚቀጥለው ሰኔ ወደ መሬት ይወርዳል። ጉድጓዱ በሁሉም ወገን 50 ሳንቲ ሜትር፤ ሁለት አካፋ አፈር ለአንድ አካፋ የበሰበሰ ፍግ። የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ለማገዶ ስለሚሄድ እዚህ በቀላሉ የሚገኘው የበግ በጠጥ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር ይብላላ፣ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። መረሬ ላይ ከሆናችሁ ጉብታ ሠርታችሁ ከመሬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። የእነዋሪ ገበሬ ስንዴውን ከፍ ባለ መደብ ላይ ዘርቶ ውሃውን በቦይ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ተዳፋት ቦታ ያላችሁ፣ አንኮበር አካባቢ እንዳለው፣ ጉብታው አያስፈልጋችሁም። በበጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት ግማሽ ጀሪካን፣ 10 ሊትር ገደማ ይበቃል።

አበባው እንዲበዛ ቅርንጫፉን አጋድማችሁ ሽቦ ላይ እሰሩት። ቀጥ ብሎ ከወጣ የሚያቆጠቁጠው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ሲጋደም ከየአንጓው አጫጭር ቀንበጥ ይወጣና አበባው እነሱ ላይ ይዘረጋል።

ለጋው ላይ ክሽክሽ (የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ከፈላ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ እጠቡት፤ በአምስተኛው ቀን ድገሙት።

መቁረጫ መቀስ የሚነሳው አበባው ካለፈ በኋላ ነው። ከአበባ በፊት የቆረጠ የዓመቱን አበባ ቆረጠ። ፍሬውን የምትፈልጉ አበባው የረገፈባቸውን ጫፎች አትንኩ፤ ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ በጣም ያረጁትን አንድ ሦስተኛ ግንዶች ብቻ ከመሬት ጠጋ አድርጋችሁ አስወግዱ።